በሰው አገር ድንጋይ ላይ

ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በሻንጣው ያለው ዕቃ ነው፥ ሁለተኛውም በአንደበቱ ያለው ወሬ ነው። ዕቃው ለዘመድ ይታደላል፤ ወሬውም ቡና በተፈላ ቁጥር ይደገማል፤ ዓመት ሳይሞላም ሁለቱም ያልቃሉ። ሕንፃው ይህን ያህል ፎቅ ነው፥ ባቡሩ ከመሬት በታች ይሄዳል እያሉ ማውራት ለሰሚ ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ለማየት ዛሬ ከቤት መውጣት አያስፈልግም፤ በኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይታያል። እኔ ለወጣት አንባቢዎቼ ላወራ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ በሰው አገር፥ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማውና ምን እንደሚያደርግ ነው።

ባለቤቴና እኔ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሮማን አየን። እንዲህ ሲሉት ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ቀላል ግን አልነበረም። በጀርመን አገር የሚሠራው ልጃችን የአውሮፕላን ቲኬት ሲልክልን፥ እርሱ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት አምስት ቀን በሮማ እንድንቆይ አድርጎ ነበር። ለደግ አስቦ ነው። እናቱ ግን ይህን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ፥ «ሮማን ለማየት የራሴን ገንዘብ አላወጣም፤ የልጄንም አላስወጣም» አለች።

ምክንያቷን አውቀዋለሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ በአዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን የወረደውን መዓት የማያውቅ አንባቢ የለም። አያቷ በዚያን ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች መጥተው ከነ ጎረቤቶቻቸው ከደጃፋቸው ወሰዷቸው። ሬሳቸው አልተገኘም፤ ስለዚህ መቃብር የላቸውም። ልጃቸው፥ ማለት አማቴ፥ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን መኮሮኒ በቤታቸው አላስገቡም። በመኪና ግን ይሄዱ ነበር፤ «መኪና» የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ መሆኑን አንድ ቀን ብነግራቸው፥ «እርሱን ነፃ አውጥተነዋል» ብለው መለሱልኝ።

ባለቤቴ ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ ተማሪ የሚይዘው ዓይነት አንድ ደብተር ገዝታ መጣች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ታሪክ ያስተማረች ሴት ናትና፥ ሮማ ውስጥ በትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱት ኢጣልያኖች የቆመ ሐውልት እንዳለ፥ የሟቾቹም ስም እንደ ተጻፈበት ታውቃለች። «እንሂድ፤ የእነርሱን ሙታን እንዴት አድርገው እንደ ጻፏቸው ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ በበኩሌ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ስንት ነው ብዬ ሳልጠይቅ የማልፈው ነገር ጥቂት ነው። እርሷ ደግሞ ማን ነው ብላ ትጠይቃለች። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጉዞ ላይ በመካከላችን የነበረው ክርክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የመጣ መሆኑን አስቀድመህ ዕወቅ።

ያረፍነው ከላተራን ቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ብዙ በማይርቅ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው አሮጊት ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ፥ ነገር ግን ቁልፉን ሁሉ ራሳቸው ይይዛሉ። እኔ በልጅነቴ በሰፈራችን ጋራዥ ከነበረ አንድ ኢጣልያዊ መካኒክ የለቃቀምሁት ኢጣልያንኛ ስላለኝ፥ ከእርሳቸው ጋር ለመነጋገር አላቃተኝም። በመጀመሪያው ማታ ሻንጣችንን፥ ለልጃችን የያዝነውን በርበሬና ሽሮ፥ በላዩም ላይ የታሰረውን ገመድ አይተው እጃቸውን አጨበጨቡና «ኬ አምባራዳን!» አሉ።

ባለቤቴ ወዲያው ዞር አለች። ኢጣልያንኛ አትሰማም፤ ይህን ቃል ግን ሰማች። «ምን አሉ?» አለችኝ። ሴትዮዋን ብጠይቃቸው፥ አምባራዳን ማለት ትርምስምስ፥ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ማለት ነው አሉ። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ግን አያውቁም። እኛ እናውቃለን። አምባ አራዶም በትግራይ ከመቀሌ በስተ ደቡብ ያለ ተራራ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. በየካቲት ወር ራስ ሙሉጌታ የመሩት ሠራዊት ከማርሻል ባዶሊዮ ጦር ጋር የተዋጋበት፥ መድፍና አውሮፕላን ቀንና ሌሊት የደበደበው፥ የመርዝ ጋዝም የወረደበት ቦታ ነው። ወታደሮቹ አገራቸው ሲገቡ የዚያን ቀን ሁከት በተራራው ስም ጠሩት ይባላል፤ ስሙም እየዋለ እያደረ ለተዘበራረቀ ጓዳና ላልታጠፈ ልብስ መጠሪያ ሆነ። ከማረፊያችን ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው መንገድም ስሙ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ነው፤ በየቀኑ በእርሱ በኩል እናልፍ ነበር። የብዙ ሰው ሞት በአንድ ሕዝብ አፍ ላይ የቤት ውስጥ ቀልድ ሆኖ ሲቀር ማየት የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን ቀልደኛዋ ሴትዮ ክፋት አልነበራቸውም፤ የማያውቁትን ቃል ነው የተናገሩት። ባለቤቴ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀድዳ ተራራ ሣለችላቸው፥ ከሥሩም ስሙን በላቲን ፊደል ጻፈችበት። አሮጊቷ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመልክተው በልብሳቸው ኪስ ከተቱት። በዚያ ማታ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፥ ማለት የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ራስ አሉላ የደመሰሱት የኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ጦር ናቸው። አምስት መቶ ይባሉ እንጂ የሞቱት ወደ 430 ይሆናሉ፤ ይህን ለባለቤቴ ስነግራት፥ «ገና ከመድረሳችን ሒሳብ ጀመርህ» አለችኝ።

ሐውልቱ ከአደባባዩ ወጣ ብሎ ከዛፎች ሥር ቆሟል። የሚያስቀው ነገር ድንጋዩ የኢጣልያ አይደለም። የግብፅ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ያስቀረጸው ነው፤ የጥንት ሮማውያን ከግብፅ አምጥተውት ኖሮ ከመሬት በታች ተቀብሮ ሲኖር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ተቆፍሮ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በአፍሪካ ለሞቱት ኢጣልያኖች መታሰቢያ ተደረገ። እንግዲህ ከአፍሪካ የተወሰደ ድንጋይ አፍሪካን ለመውሰድ ሄደው ለሞቱት ሰዎች ተተከለ ማለት ነው። በመሠረቱ ላይ ስማቸው ተደርድሯል። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች። አላፊ አግዳሚው ሻንጣውን እየጎተተ ይሮጣል፤ ወደ ድንጋዩ ቀና ብሎ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። እርሷ ግን እንደ ተማሪ ስም መጥሪያ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጠላቶች ነበሩ፤ የሰው አገር ሊወርሩ የሄዱ ነበሩ፤ የገበሬ ልጆችም ነበሩ። ስታበቃ፥ «ተራ ወታደሩም አለ፤ አለቃው ብቻ አይደለም» አለች። ቀጥላም በዚያው ቀን በዶጋሊ የወደቁት የራስ አሉላ ወታደሮች ስማቸው የት እንዳለ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ድል ያደረግነው እኛ ነን፤ የሙታኑ ስም ዝርዝር ያለው ግን ድል በተደረጉት ዘንድ ነው።

በዚሁ ሐውልት ሥር ሌላም ታሪክ አለ። ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅላ ወስዳ በዚህ ቦታ አቁማው ነበር። በ1930 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ የኤርትራ ተወላጅ፥ ስሙ ዘርዓይ ደረስ የሚባል ወጣት፥ አንበሳውን በዚህ ሥፍራ አየ፤ ተንበርክኮም ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡት ላይ ጎራዴውን መዘዘባቸው። በልጅነታችን የሰማነው ብዙ ፋሺስቶችን ገድሎ እዚያው በጥይት ወደቀ የሚል ነው። መዛግብት የሚናገሩት ግን ያቆሰላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ፥ እርሱንም ቆስሎ ሲያዝ እብድ ነው ብለው በሲሲልያ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሰባት ዓመት እንዳቆዩት፥ በዚያም በ1937 ዓ.ም. እንደ ሞተ ነው። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በቁጣ አንድ ቀን መሞት አንድ ነገር ነው፤ ባልታመመበት በሽታ ስም ሰባት ዓመት በሰው አገር ተዘግቶ መኖር ግን የሚከብድ ጀግንነት ነው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ በቀድሞ ሥፍራው ቆሟል፤ ዘርዓይ ግን በሕይወቱ አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ አየን። ስለ ኮሎሲየም አላወራም፤ ፎቶግራፉ በየቦታው አለ፤ ሰልፉም ፀሐዩም እጅግ ያስመርራል። ከእርሱ አጠገብ ስላለው ስለ ቲቶ ቅስት ግን ጥቂት ልናገር። ቲቶ ክርስቶስ ከተወለደ በኋላ በ70 ዓመት ኢየሩሳሌምን ያፈረሰና ቤተ መቅደሷን ያቃጠለ የሮማ አለቃ፥ ኋላም ንጉሥ የሆነ ነው። በቅስቱ ውስጥ በአንደኛው ግድግዳ የሮማ ወታደሮች የአበባ ጉንጉን ደፍተው ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን የቤተ መቅደስ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በሮማ የሚኖሩ አይሁድ በዚህ ቅስት ሥር ያለማለፍ ልማድ ለብዙ ዘመን ነበራቸው ይባላል።

ባለቤቴ ከቅስቱ ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው። ከአጠገባችን አንድ ወጣት ከእናቱ ጋር ቆሞ በዕብራይስጥ ይነጋገር ነበር፤ ጣቱንም ወደ መቅረዙ ይቀስር ነበር። የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአገሩ ምልክት እንዲሆን የተመረጠው መቅረዝ፥ ቅርጹ የተወሰደው ከዚሁ ግድግዳ ነው። ይህን ሳስብ እጅግ ተደነቅሁ። ያ የሮማ ቀራፂ ሲሠራ ያሰበው የአሸናፊውን ክብር ነበር፤ ይሁን እንጂ ወርቁ መቅረዝ ጠፍቶ ሲቀር ሥዕሉን ለተዘረፉት ልጆች ያቆየላቸው የዘራፊው ድንጋይ ሆነ። ዘራፊ አንዳንድ ጊዜ ሳያውቅ የተዘራፊ ጸሐፊ ይሆናል። ባለቤቴን ይህን ብላት ጥቂት ካሰበች በኋላ፥ «መልካም ነው፤ ነገር ግን መቅረዝ ነው። የተሸካሚውን ባርያ ስም አልጻፈም» አለችኝ። ከእርሷ ጋር ታሪካዊ ቦታ ማየት እንዲህ ነው፤ ሰው ያሰበውን ሐሳብ በሰላም አያጣጥምም።

ከዚያ በእግር ጥቂት ተጉዘን ፖርታ ካፔና ወደሚባለው አደባባይ ደረስን። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። ርዝመቱ 24 ሜትር፥ ክብደቱ 160 ቶን የሚያህለውን ድንጋይ፥ ጥንት ወድቆ ከተሰባበረበት ከአክሱም በቁርጥራጩ አንሥተው ወደ ምጽዋ፥ ከምጽዋም በመርከብ ወደ ኢጣልያ አምጥተው በ1930 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበት በዓል ሲከበር አቆሙት። የቆመውም የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር በነበረው ሕንፃ ፊት ነው፤ ሕንፃው ከጦርነቱ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ባለቤቴም ፈቅዳልኛለች። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ታዝዛ ነበር። ሐውልቱ በአውሮፕላን በሦስት ተከፍሎ አክሱም የደረሰው በ1997 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። አሥራ ስምንት ወር የነበረው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶት ነበር፤ እንደገና በአክሱም ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው።

አደባባዩ ላይ አሁን ሌላ ነገር አለ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ሁለት የጥንት ዓምዶች ቆመውበታል። መኪና በዙሪያው ይጎርፋል። የእኛ ሐውልት ስድሳ ስድስት ዓመት እዚህ መቆሙን የሚያስታውስ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ባለቤቴ ግን ደስ አላት፤ «ባዶ ቦታ ለማየት እንዲህ መንገድ መጥቼ አላውቅም፤ ግን ከሁሉ ደስ ያለኝ ይኸኛው ነው» አለችና እሸት በቆሎ እንደምትበላ ልጅ እግሯን እያወዛወዘች በግንቡ ላይ ተቀመጠች። በአምስቱ ቀን ውስጥ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት በዚያ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ቫቲካን ሄድን። የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ለመውጣት አሳንሰሩ ካደረሰን በኋላ 320 ደረጃ ቀርቶን ነበር፤ ጉልበታችን ያወቀውን ያውቃል። ከላይ ሆነን በስተ ጀርባ ወደ አትክልቱ ቦታ ስንመለከት ከታላቁ ካቴድራል ሥር አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሰጧት ናት። ከግራኝ ጦርነት በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚህ ኖሩ። ከባልንጀሮቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተሚያ ሥራ አያውቁም፤ ስለ ስሕተቱም በመጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀዋል። አባ ጎርጎርዮስም በ1649 ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት በዚችው ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው፤ በአውሮፓ የአማርኛና የግዕዝ ትምህርት በደንብ የተጀመረው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ወዳጅነት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እነዚህ መነኮሳት አገራቸው ስትቃጠል ተሰደው የወጡ፥ ገንዘብም ዘመድም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። በሰው አገር ተቀምጠው ቢያለቅሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እነርሱ ግን ፊደላቸውን በእርሳስ አስቀረጹ። ስማቸውንም ከመጽሐፉ ጋር አኖሩ፤ ስለዚህ እኔ ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በኋላ ማን እንደ ነበሩ ለመናገር ቻልሁ። ከእነርሱ ገዳም ከደብረ ሊባኖስ በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር ግራዚያኒ ያስገደላቸውን መነኮሳትና ዲያቆናት ግን እንዲህ መጥራት አልችልም፤ የማውቀው ገዳዩ ራሱ ለሮማ ያስተላለፈውን ቁጥር፥ 449 የሚለውን ነው። በኋላ የመረመሩ ሰዎች የሞቱት ከዚህ እጅግ እንደሚበልጡ አሳይተዋል። የየካቲት 12 ሙታንም እንዲሁ ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አለ፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደ አውሮፓውያን በ2017 ባወጣው መጽሐፍ ወደ 19,000 ያደርሳቸዋል፤ ኢጣልያኖቹ ደግሞ በጊዜው ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ተናገሩ። ቁጥር ያከራክራል፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንሁ ይህን አውቃለሁ፤ አንዱ ደምሮ ያመጣውን ሌላው ይቀንሰዋል። የባለቤቴን አያት ግን ማንም ከዝርዝር ሊቀንሳቸው አይችልም፤ ምክንያቱም በማንኛውም ዝርዝር ላይ አልተጻፉም። ከጉልላቱ ስንወርድ ደብተሩን በጉልበቷ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ስም ጻፈች፤ የአያቷን ስም ከነ አባታቸው፥ ከሥሩም «ልብስ ሰፊ» ብላ።

ልንሄድ በዋዜማው ማታ ነው ያልጠበቅነው ነገር የመጣው። የማረፊያችን ባለቤት አሮጊት ሴትዮ በራችንን አንኳኩተው ገቡ። በእጃቸው የተራራው ሥዕል ያለበትን ወረቀትና አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ይዘዋል። ፎቶግራፉ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ፥ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ አለ። የእናታቸው ወንድም ነው። በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «በአፍሪካ ሞተ» የሚል ወረቀት ለቤተ ሰቡ ደረሰ፤ ከዚያ በቀር ምንም አልተነገራቸውም። እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው የት አፍሪካ ብለው ይጠይቁ ነበር። «ይህ ተራራ ይሆን?» አሉን።

እኔ አስተርጓሚ ነበርሁና ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ጥቂት ዘገየሁ። ባለቤቴ ፎቶግራፉን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ይህ ልጅ ምን እንደ ሠራ አናውቅም። ጋዝ ከወረደበት ሜዳ ላይ ሆኖ የሸሹትን ተኩሶ ይሆናል፤ ወይም ከመድረሱ በተቅማጥ ሞቶ ይሆናል። ሴትዮዋም አያውቁም፤ ቅዱስ ነበር ብለውም አልተከራከሩም። ባለቤቴ፥ «ስሙ ማን ነው?» ብለህ ጠይቃቸው አለችኝ። ነገሩኝ። እርሷም ደብተሯን ገልብጣ በመጨረሻው ገጽ ላይ በፊደላችን ጻፈችው። ከዚያ ስለ አያቷ ነገረቻቸው፤ ልብስ ሰፊ እንደ ነበሩ፥ ማን እንደ ወሰዳቸው፥ መቃብርም እንደሌላቸው፤ እኔም አንዱንም ቃል ሳላለዝብ ተረጎምሁ። አሮጊቷ እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እርሷም ይቅርታ አልሰጠችም፤ ለመስጠትም ለመጠየቅም ሁለቱም ባለቤት አልነበሩም። ሲወጡ ግን የባለቤቴን ጉንጭ ሳሙ።

በሌሊት ተከራከርን። «የተገዳይን ስምና የወራሪን ስም በአንድ ደብተር?» አልኋት። «በአንድ ደብተር፤ ግን በሌላ ገጽ» አለችኝ። አባትሽ ቢኖሩ ይህን ይወዱት ነበርን? ብላት፥ «አባቴ መኪናን ነፃ አውጥቷል» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ የመጣው የካቲት 12 በስድስት ኪሎ በሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፥ ባለቤቴ ደብተሯን ይዛ ከሽማግሌዎቹ መካከል ገባች። ሐውልቱ ታላቅ ነው፤ በዙሪያው የተቀረጸው የሞትና የልቅሶ ምስልም ልብ ይነካል፤ የተራ ሰው ስም ግን አላየሁበትም። እርሷ አንዳንዱን አዛውንት፥ «ከቤታችሁ ማን ሞተ?» እያለች ጠየቀች። በዚያ ቀን ስምንት ስም ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲህ በዕድሩ፥ በለቅሶ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትጠይቃለች፤ የምታስተምራቸው የነበሩ ልጆችም ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ከየአያቶቻቸው የሰሙትን ይልኩላታል። ስሙን፥ የአባትን ስም፥ ሥራውን፥ ሰፈሩን፥ ነገሩን የተናገረውንም ሰው ትጽፋለች፤ የተጠራጠረችውን በእርሳስ፥ ያረጋገጠችውን በብዕር። እኔ በየወሩ መጨረሻ እደምራለሁ፤ ይህን ሥራ ለእኔ ትታልኛለች። ይህን ስጽፍ 212 ደርሷል። ከእነርሱ አንዱ «የጠላ ሻጯ ልጅ፥ ስሟ ያልታወቀ፥ ዕድሜዋ ወደ አሥር» ይላል፤ በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ የልጅቱን ስም የሚያውቅ ሰው አለ ስለ ተባለ እስከ ሰበታ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳ ነበር።

የመጀመሪያው ደብተር ሞልቷል። የስሙ ዝርዝር ከፊት ተነሥቶ እየቀረበ መጥቶ፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ካለው ከዚያ ኢጣልያዊ ልጅ ስም ጋር ሊገናኝ ሲል ሁለተኛ ደብተር ተገዛ። ለልጃችን ስናወርሰው ያ ገጽ ይቀደድ ወይስ ይቆይ በሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።